የእኔ ነገር በየትኛው ሪፖርት ነው ያለው?

ጥያቄውን የጠየቁኝ በሻይ ሰዓት ነው። በአንድ እጄ ሻይ ይዣለሁ፤ በሌላው ቃለ ጉባኤ የምይዝበትን ደብተር አቅፌያለሁ። አንዲት ስልሳዎቹን ያገባደዱ እናት ከእንግዶች ወንበር ተነስተው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። «የኔ ልጅ፣ ስትጽፊ የነበርሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያው አንቺ ታውቂያለሽ። የእኔ ነገር በየትኛው ሪፖርት ነው ያለው?»

መልስ አጣሁ። ያን ቀን ጠዋት የቀረቡትን ሁለት ሪፖርቶች የጻፍኩት እኔ ነኝ። የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ያሉትን ጽፌያለሁ። የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዋ ያሉትንም ጽፌያለሁ። እማማን ግን በሁለቱም ውስጥ ፈልጌ አጣኋቸው።

ይህ የሆነው በጥር 2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራም ከተማም ቀይሬያለሁ። ስለ አንድ ከተማ የገቢ አሰባሰብና የፍርድ ቤት ክርክር ሪፖርት ሲቀርብ በሰማሁ ቁጥር ግን ያ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም አልጠራም። ማንንም ለማሳጣት ብዬ አይደለም የምጽፈው። ነገሩ ውስጤ ስላደረ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ሁለት ሪፖርት

ለስድስት ዓመት ያህል የአንድ መካከለኛ ከተማ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ድምፅ የለውም። እጅ አያወጣም፣ አይጠይቅም፣ አይቃወምም። ሰምቶ ይጽፋል። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ስትሰማ ከርመህ ጆሮህ ይለምዳል። የትኛው ኃላፊ ቁጥር ላይ ሲደርስ እንደሚፈጥን ትለያለህ። የትኛው አንድ ገጽ ዘልሎ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ደግሞ ያልጻፈውን ወረቀት እንደሚያነብ ድምፁ ይነግርሃል።

የዚያን ቀን የግማሽ ዓመት ሪፖርት ነበር። መጀመሪያ የገንዘብ ኃላፊው ተነሱ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የውስጥ ገቢው ከዕቅድ በላይ መሰብሰቡን ተናገሩ። ከሊዝ ይህን ያህል፣ ከጣሪያና ግድግዳ ግብር ይህን ያህል፣ ከአገልግሎት ክፍያ ይህን ያህል አሉ። ሳይወራረድ የቆየ ቅድመ ክፍያ እየቀነሰ መምጣቱን አስረዱ። መደበኛ በጀቱንና ካፒታል በጀቱን ለያይተው አቀረቡ። ማጠቃለያው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉና «ከተማችን በአሁኑ ሰዓት ያልተከፈለ ዕዳ የለባትም» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም በደብተሬ ገጽ 4 ላይ ያሉትን አሰፈርኩ።

ቀጥለው የፍትሕ ኃላፊዋ ተነሱ። ቀድሞ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ ሲናገሩ ወረቀት ብዙም አያዩም። ስንት ውል እንደመረመሩ፣ ለየትኞቹ መሥሪያ ቤቶች የሕግ ምክር እንደሰጡ፣ ከተማ አስተዳደሩ ከሳሽም ተከሳሽም የሆነባቸው ክርክሮች የት እንደደረሱ ዘረዘሩ። ከዚያ «ባለፉት ስድስት ወራት አሥራ አንድ የፍትሐ ብሔር መዝገቦች እልባት አግኝተው ተዘግተዋል» አሉ። እንደገና ተጨበጨበ። ይሄ ገጽ 7 ላይ ነው።

ስንቱ ተፈረደልን፣ ስንቱ ተፈረደብን የሚል ጥያቄ አልተነሳም። አፈ ጉባኤው ሰዓታቸውን አይተው «ሻይ» አሉ። እማማ ከወንበራቸው የተነሱት ያኔ ነው።

ሦስተኛው ክፍል

እማማ ፌስታላቸውን ፈተው ወረቀቶቻቸውን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ከአሥራ አንዱ መዝገቦች አንዱ የእሳቸው ነበር። ግቢያቸው ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ለመንገዱ የዞሩ ሦስት ክፍሎች ነበሯቸው። አንዱን ለልብስ ሰፊ፣ አንዱን ለሻይ ቤት አከራይተዋል። ሦስተኛው የራሳቸው ዕቃ ቤት ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ሦስቱም ፈረሱ። ካሳው ሲገመት ግን የተቆጠረው ሁለት ክፍል ነው። ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ ስለነበር ገማቾቹ አልገቡበትም፤ ቅጹ ላይም አልሞሉትም።

ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተፈረደላቸው። ከተማ አስተዳደሩ ይግባኝ አለ። ይግባኙም ውድቅ ሆነ። የፍርዱን ግልባጭ በእጃቸው ይዘውታል። ወረቀቱ በማጠፊያው ላይ ከመሳሳቱ የተነሳ እንደ ጨርቅ ለስልሷል። የፍርድ ቤቱ ክብ ማኅተም ከታች አለ። ከዚያው ፌስታል ውስጥ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የከፈሉበት ደረሰኝም ወጣ። ብዙ ደረሰኝ ነው። የመጨረሻው ክፍሎቹ ከፈረሱ በኋላ የተከፈለ ነው፤ ከግብር መዝገቡ የሚሰርዝላቸው ስላጡ ከፍለዋል።

ያን ደረሰኝ ሳይ ደነገጥኩ። እማማ በገንዘብ ሪፖርቱ ውስጥ አሉ ለካ! በገቢው በኩል አሉ። ያ የተጨበጨበለት የጣሪያና ግድግዳ ገቢ ውስጥ የሌለ ጣሪያ፣ የሌለ ግድግዳ ግብር ገብቷል። በወጪው በኩል፣ በዕዳው በኩል ግን የሉም።

«ዳኛው ፈረደልኝ» አሉኝ እማማ። «እኔ ፍርዱ ሲመጣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አሁንማ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።» ይህን ሲሉ አላማረሩም። እውነት የማወቅ ፍላጎት ነው ፊታቸው ላይ የነበረው። ከተማው ዕዳ የለበትም ተባለ፤ መዝገባቸውም ተዘጋ ተባለ። ታዲያ በእጃቸው ያለው ወረቀት ምንድን ነው?

ሻይ ሰዓት አለቀ። ወደ አዳራሹ ተመለስን። ሁለቱም ሪፖርቶች በሙሉ ድምፅ ጸደቁ። እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ያን ያህል ከብዶኝ አያውቅም።

ግልባጭ

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ኃላፊዎች ቢሮ ሄድኩ። ሰበቤ ቃለ ጉባኤውን ማስፈረም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋተኛ ፍለጋ ነው የሄድኩት። አንዳቸው ዋሽተዋል ብዬ ነበር የማስበው።

የፍትሕ ኃላፊዋ ጠረጴዛ በመዝገብ ተሞልቷል። የከተማውን ክርክር በሙሉ የሚሸከሙት ከሦስት ባለሙያ ጋር ነው። ስለ እማማ መዝገብ ስጠይቃቸው ወዲያው አስታወሱት። «ያ ጉዳይ እኮ ገና ከጅምሩ እንደማያስኬደን ተናግሬ ነበር» አሉኝ። «ይግባኝ በሉ ስለተባልን ነው ያልነው። ውሳኔው ሲደርሰኝ ደግሞ በደብዳቤ አሳውቄያለሁ።» ቅጂውን ከፋይል አውጥተው ሰጡኝ።

ደብዳቤው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። አንድ ገጽ ነው። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ መሃል ላይ «ጉዳዩ፦ የፍርድ ቤት ውሳኔን ስለማሳወቅ» ይላል። የተጻፈው ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ቦታውን ያስለቀቀው እሱ ስለሆነ። ከፊርማውና ከማኅተሙ በታች፣ በግራ በኩል «ግልባጭ» የሚል አለ። ከሥሩ አምስት መሥሪያ ቤት ተደርድሯል። ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ አራተኛው ነው። ከስሙ አጠገብ «ለመረጃ» ይላል።

ቢሮ የሠራ ሰው ግልባጭ ምን እንደሚሆን ያውቃል። መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፋይል ውስጥ ይታሰራል። አለቀ። ደብዳቤው ላይ «ይከፈል» የሚል ቃል የለም። የገንዘቡ መጠንም አልተጠቀሰም፤ «በተያያዘው ውሳኔ መሠረት» ይላል። መሬት ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ልክፈል ቢልም በጀት የለውም። በጀቱ የጸደቀው ሐምሌ ላይ ነው፤ የይግባኙ ውሳኔ የመጣው ጥቅምት ላይ።

ከዚያ ወደ ገንዘብ ኃላፊው ሄድኩ። ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዙረው አይቤክስን ከፈቱልኝ፤ ያኔ በጀትና ሂሳብ የሚመዘገብበት ሶፍትዌር ነው። «ይኸው» አሉኝ። «እዚህ ውስጥ ያልገባ ዕዳ ለእኔ ዕዳ አይደለም። የመክፈያ ሰነድ ያልመጣልኝን፣ በጀት ያልተያዘለትን ምን ብዬ ልመዝግብ? እኔ ምክር ቤቱ ፊት አልዋሸሁም።»

አልዋሹም። የእኛ አገር የመንግሥት ሂሳብ በመሠረቱ የተያዘው በጥሬ ገንዘብ ዙሪያ ነው። ብር ሲገባ ይመዘገባል፣ ብር ሲወጣ ይመዘገባል። በዓመቱ መጨረሻ የሚያዝ ተከፋይ አለ፤ እሱም ቢሆን ሰነድ ያለው፣ በጀት የተያዘለት ነው። ከፍርድ ቤት የመጣ፣ ገና ትዕዛዝ ያልሆነ ዕዳ የሚቀመጥበት መስመር በዚያ ሪፖርት ውስጥ አልነበረም። ነጋዴ ቢሆን ፍርድ ሲፈረድበት ዕዳው ውስጥ ያስገባዋል፤ ተከሶ ሊሸነፍ ይችላል ብሎ ከሰጋም ከወዲሁ ያስባል። የከተማዋ ሪፖርት ግን እስክትከፍል ድረስ ምንም እንደሌለባት ይናገራል።

ሕግ ባለሙያዋም አልዋሹም። ለጠበቃ ይግባኙ ሲያልቅ ክርክሩ አልቋል። በቅጻቸው ላይ «የተዘጋ መዝገብ» የሚል ዓምድ አለ፤ «ተፈርዶበት ያልተከፈለ» የሚል ዓምድ የለም። ተሸንፈው የዘጉትም፣ አሸንፈው የዘጉትም በአንድ ዓምድ ይደመራል።

ጥፋተኛ አጥቼ ወጣሁ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጨነቀኝ። የሰረቀ ሰው ቢኖር ነገሩ ቀላል ነበር፤ ይያዛል፣ ይጠየቃል። እዚህ ግን ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ ሁለት እውነተኛ ሪፖርቶች አሉ። መሃላቸው ግን አንዲት እናት የምትወድቅበት ክፍተት አለ። ሁለቱ ቢሮዎች ደግሞ አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው። ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ሕገ መንግሥቱን አውጥቼ ያነበብኩትም ያኔ ነው። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ አቅርቦ ውሳኔ ወይም ፍርድ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። እማማ ይሄን አግኝተዋል። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት ይላል። በቅድሚያ! ያኔ ይሠራበት የነበረው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተተክቷል። አዋጅ ይለወጣል። «በቅድሚያ» የሚለው ቃል ግን የሕገ መንግሥቱ ነው፤ አልተለወጠም። የእማማ ክፍል ከፈረሰ ያኔ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ዘጠኝ በመቶ

የፍርዱን ግልባጭ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ነበር። ቤት ወስጄ ማታ ማታ ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፤ ተከሳሽ የተጠየቀውን ገንዘብ «ክስ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ተከፍሎ እስከሚያልቅ ድረስ ከሚታሰብ ዘጠኝ በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር» ይክፈል። ከሥሩ ወጪና ኪሳራ ይከተላል።

ዘጠኝ በመቶው ዳኛው ከራሱ ያመጣው አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1751 ያስቀመጠው ነው። ጠበቆች በቃላቸው ያውቁታል። የገንዘብ ባለሙያዎች ግን በሥራቸው ብዙም አይገጥማቸውም። እንግዲህ አስቡት። ለምሳሌ አንድ ከተማ 500,000 ብር ተፈረደበት እንበል። በዓመት 45,000 ብር ወለድ ይታሰብበታል። በወር 3,750 ብር ነው። ያ «ለመረጃ» የተባለ ግልባጭ ፋይል ውስጥ አንድ ወር በተኛ ቁጥር 3,750 ብር ይጨምራል። የማያስኬድ ይግባኝ ስምንት ወር ከፈጀ 30,000 ብር ነው። በማን ገንዘብ? የጣሪያና ግድግዳ ግብር በሚከፍለው ሰው ገንዘብ።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው ይሄ ነው። ከተማዋ ክፍያ ያቆየች ይመስላታል። የምታቆየው የራሷን ዕዳ እያሳደገች ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን የሚያሳይ ወረቀት በምክር ቤቱ ፊት አለመኖሩ ነው። የፍትሕ ኃላፊዋ ወለዱን ያውቃሉ፤ ገንዘቡን አያንቀሳቅሱም። የገንዘብ ኃላፊው ገንዘቡን ያንቀሳቅሳሉ፤ ወለዱን አያውቁም። ምክር ቤቱ ሁለቱንም ይሰማል፤ ግን በተለያየ ሰዓት፣ በተለያየ ቋንቋ።

ስለ ትልልቅ ከተሞች ሳስብ ነገሩ ይሰፋብኛል። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ለ2017 በጀት ዓመት ያጸደቀው 230 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ለ2018 ደግሞ 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ደረሰ። ያ ቁጥር ሲነገር ሁላችንም ስንት ለመንገድ፣ ስንት ለትምህርት ቤት እንላለን። ደግ ነው። እኔ ግን ከስድስት ዓመት ደብተር በኋላ ጆሮዬ የሚፈልገው ሌላ መስመር ነው። ለተፈረደበት ስንት ተያዘ? መንገድ የሚሠራ፣ ቤት የሚያፈርስ፣ ውል የሚዋዋል ከተማ ሁሉ ይከሰሳል። መከሰሱ ነውር የለውም። ከሥራው ጋር አብሮ የሚመጣ ወጪ ነው፤ እንደ ነዳጅ፣ እንደ ደመወዝ።

አንዳንድ ከተሞች ይህን በግልጽ ይጽፉታል። የኒውዮርክ ከተማ የሂሳብ ተቆጣጣሪ፣ ኮምፕትሮለር የሚሉት፣ በከተማዋ ላይ ስለቀረቡ የካሳ ጥያቄዎችና ስለተከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል። የትኛው መሥሪያ ቤት በምን ምክንያት ስንት እንዳስከፈለ ይታያል፤ የፖሊሱ ለብቻ፣ የሆስፒታሉ ለብቻ። እዚያም ከተማ ይሸነፋል፤ እንዲያውም ብዙ ይሸነፋል። ግን ሽንፈቱ በብር ተቆጥሮ አንድ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። እኛ ጋ የጎደለን ያ ወረቀት ነው። ውድ ነገር አይደለም። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ መዝገቡ፣ ብሩ፣ በጀቱ።

ሚያዝያ

በምክር ቤታችን አንድ አንጋፋ አባል ነበሩ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከእያንዳንዱ ጉባኤ በፊት ወደ እኔ መጥተው «ባለፈው ምን ነበር ያልነው?» ብለው ቃለ ጉባኤውን ያነባሉ። ከአባላቱ ሁሉ ይህን የሚያደርጉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት ከመድረሱ በፊት እንደ ልማዳቸው መጡ።

ማድረግ የሚገባኝን ብዙ አስቤበታለሁ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ጉዳይ አያነሳም። ባለጉዳይም አይወክልም። ግን አባል ቃለ ጉባኤ ሲጠይቅ ማሳየት ሥራዬ ነው። ገጽ 4ን እና ገጽ 7ን ከፍቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። ምንም አልተናገርኩም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ሄዱ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። «የተዘጉት በማን ላይ ነው የተዘጉት?» አሉ። «እዚህ አልተጻፈም መምህር» አልኳቸው። እስክሪብቶ አውጥተው በወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

በሚያዝያው ጉባኤ ሁለቱም ሪፖርቶች ከቀረቡ በኋላ መምህር እጃቸውን አወጡ። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አንድ ሦስት ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ባለፈው ጉባኤ ተዘጉ ከተባሉት አሥራ አንድ መዝገቦች ስንቱ ነው የተፈረደብን? በብር ሲተመን ስንት ነው? ገንዘቡስ በየትኛው በጀት ተይዟል?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሲዞር ይሰማል። የፍትሕ ኃላፊዋ ማይኩን አነሱ። «ሰባቱ ተፈርዶብናል» አሉ። «የገንዘቡን ድምር አሁን አልያዝኩም።» ከዚያ ማይኩ ወደ ገንዘብ ኃላፊው ሄደ። ወረቀታቸውን ገለበጡ፤ ወዲያው ግን ዘጉት። ወረቀቱ ውስጥ እንደሌለ ያውቁታል። «አልተያዘም» አሉ።

አንድ ቃል ናት። በስድስት ዓመት ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ ያችን ቃል ነው የማከብራት። ሰውየው ማድበስበስ ይችሉ ነበር። «በሂደት ላይ ነው» ቢሉ ያልፍላቸዋል፤ ያን ሐረግ መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ። አላሉም። እኔም ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳላሳምር «አልተያዘም» ብዬ ጻፍኩ።

በሻይ ሰዓት ሁለቱ ኃላፊዎች አንድ መስኮት ሥር ቆመው አየኋቸው። የገንዘብ ኃላፊው በስልካቸው ካልኩሌተር ይመታሉ፤ የፍትሕ ኃላፊዋ የመዝገብ ቁጥር ይጠራሉ። ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ ዝርዝሩ በአሥራ አምስት ቀን እንዲቀርብለት ወሰነ። ዝርዝሩ ቀረበ። ሰኔ ላይ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በበጀት ዝውውር ገንዘብ ተገኘ። ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮም በፍትሕ ሪፖርቱ ላይ አንድ ዓምድ ተጨመረ፤ «የተፈረደ የገንዘብ መጠን» ይላል። እኔ እስከለቀቅኩ ድረስ ዓምዱ ነበረ። ከዚያ በኋላ ይኑር አይኑር ለማየት አልታደልኩም።

እማማን ክረምት ላይ አገኘኋቸው። ዝናብ አባርቶ የማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ታክሲ እጠብቃለሁ። ከሩቅ አይተውኝ መጡ፤ ያ ፌስታል ዛሬም በእጃቸው ነው። አቅፈው ሳሙኝ። «ከፈሉኝ የኔ ልጅ። እግዜር ይስጣቸው» አሉ። ደስ አለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ታዲያ ዛሬ ምን ሊያደርጉ መጡ እማማ?» አልኳቸው።

ፌስታሉን ከፍተው የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ አወጡ። ጣታቸው መስመሩን ያውቀዋል፤ ሳይፈልጉ አገኙት።

«የከፈሉኝ ዋናውን ነው» አሉኝ። «ዘጠኙ ቀርቷል።»